ሬንዋር የሳለው ባዚል፦ የአንድ ሥዕል ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታየን የንጉሥና የጦር መሪ ሥዕል ነው። ዛሬ ግን አንድ ሠዓሊ ጓደኛውን የሳለበትን ሥዕል አብረን እንይ።

ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1867 በፓሪስ የሳለው ፒየር ኦጉስት ሬንዋር ነው፤ የተሳለው ፍሬደሪክ ባዚል። ሬንዋር የልብስ ሰፊ ልጅ ነበር፤ እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረውም። ባዚል ግን ሞንፔሊዬ ከተማ ካለ ሀብታም ቤተሰብ የተገኘ ነው። ቤተሰቦቹ ሐኪም እንዲሆን ቢፈልጉም በ1864 ፈተና ወደቀና ሕክምናውን ትቶ ሥዕል ላይ ተሰማራ። የተከራየውን የሥራ ክፍል ለሬንዋር አካፈለው፤ ክሎድ ሞኔም ቸግሮት ሲመጣ አስጠጉት። ባዚል ሞኔን ለመርዳት ሲል «ሴቶች በአትክልት ቦታ» የተባለውን ሥዕሉን በ2,500 ፍራንክ ገዛው፤ ክፍያውም በወር 50 ፍራንክ ነበር።

በሥዕሉ ላይ ባዚል ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የቤት ጫማ እንዳደረገ ይሥላል። የሚሥለው ሽመላ የሚመስል የሞተ የውኃ ወፍ ነው። ያንኑ ወፍ ጓደኛቸው አልፍሬድ ሲስሌም ስሎታል። ከኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የበረዶ ሥዕል ደግሞ የሞኔ ነው። እንግዲህ የአንድ ሰው መልክ ነው ብለን የጀመርነው ሥዕል የአራት ጓደኛሞች ታሪክ ሆኖ እናገኘዋለን።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ ጦርነት ገጠሙ። ባዚል በፈቃዱ ዘመተ፤ ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28) ቦን ላ ሮላንድ በተባለ ቦታ ተገደለ። 29 ዓመት ሊሞላው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። አባቱ ጦር ሜዳው ድረስ ሄደው አስከሬኑን አምጥተው ቀበሩት። ጓደኞቹ በ1874 የመጀመሪያውን የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ እሱ አልነበረም።

በ1876 በተደረገው ሁለተኛው ኤግዚቢሽን ግን መልኩ ታየ። የሥዕሉ ባለቤት ያን ጊዜ ኤድዋር ማኔ ነበር። ማኔ ሥዕሉን ለባዚል አባት ሰጣቸው፤ እሳቸውም በለውጡ ልጃቸው በየወሩ ሲከፍልበት የነበረውን የሞኔን ሥዕል ሰጡት። አባት የልጃቸውን መልክ፣ ሥራ ላይ እንዳለ፣ አገኙ።

ሬንዋር ሲሥል ጦርነት ይመጣል ብሎ አልነበረም። ጓደኛው ሲሠራ አየና ሳለው፣ በቃ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችን አጠገባቸው የተቀመጠውን ጓደኛቸውን ይሣሉ፤ ከሥሩም ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ይጻፉበት። ሥዕሉ ባያምርም እንኳ የታሪክ ማስረጃ ነው።