ሐንካስ

በግእዝ «ሐንከሰ» ካለው ግሥ የወጣው «ሐንካስ»፣ በአማርኛ አፍ ለዝቦ «አንካሳ»፣ ግሡም «አነከሰ» የሆነው ቃል፣ ውሻን በተመለከተ ሁለቱም ቢስማሙትም፣ ከ«ነከሰ» ጋር ዝምድና የለውም። ትርጓሜው የአካሄድን ጉድለት እንጂ የደዌን ስም አያመለክትም፤ ስለዚህ ሐኪሙ «ውሻው ያነክሳል» ቢል ምልክቱን ተናገረ እንጂ ምክንያቱን ገና አልገለጠም።

ምክንያቱ የሚፈለገው አስቀድሞ እግሩን በእጅ በመዳሰስ፣ ቀጥሎም ሮንትገን በ1895 እ.ኤ.አ. ባገኘው ጨረር ነው፤ ይህንንም እኛ ከጣልያንኛ ወስደን «ራጅ» ስንለው፣ የጅቡቲ ከተማ ሰዎች በፈረንሳይኛ «ራዲዮ» ይሉታልና፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ዜና የሚሰማበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ስብራት በአንድ አቅጣጫ ተሰውሮ በሌላው ስለሚገለጥ ሥዕሉ ከፊትም ከጎንም ይነሣል። ጅማት ግን በራጅ አይታይም፤ በውሻ ዘንድ እንደሚዘወተረው የጉልበት ጅማት ሲበጠስ፣ ሥዕሉ የሚያሳየው ጅማቱን ራሱን ሳይሆን እንደ መጋጠሚያው እብጠት ያለውን ምልክት ነው።

ማንከስ ግን ከጉዳት ብቻ ሳይሆን ከመብልም ይመጣል። በጅቡቲ ከተማ አቅራቢያ ያለው፣ ደካን የተባለው የእንስሳት መጠለያ፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች እጅ የተያዙ የድመት ወገን የሆኑ አቦሸማኔዎችን ይቀበላል። ከእናቱ ጡት ተነጥቆ ሥጋ ብቻ የሚመገብ ደቦል፣ በሥጋ ውስጥ ካልሲየም እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ አካሉ ከገዛ ዐጥንቱ እየነጠቀ ይኖራል፤ በራጅም ዐጥንቱ ሳስቶ፣ አንዳንዴም ሳይመታ ታጥፎ ይታያል። እንዲህ ያለው ደቦል እግሩ ቢታሰርለትም፣ ዋናው መድኃኒቱ ካልሲየም ያልጎደለው መብል ነው።