የሙያ ስም ስድብ ሲሆን፦ ከጉለሌ ሸማኔዎች ታሪክ



«አቢዩዝ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል መተርጎም ያስቸግራል። ሥልጣንን ያላግባብ መጠቀምም፣ ሰውን መበደልም፣ መሳደብም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ከላቲን የወረሰው መሠረታዊ ፍቺው አንድን ነገር ከተገቢው አገልግሎቱ ውጭ ማዋል ነው። አማርኛ ስድብንና በደልን በየስማቸው ለይቶ ይጠራል። የሁለቱን ዝምድና ግን የዕደ ጥበብ ሠራተኞች ታሪካችን በግልጽ ያሳያል።

«ሸማኔ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ፋቂ» የተባሉት ስሞች ሥራን ከመግለጽ በቀር በራሳቸው ክፋት የላቸውም። ስድብ ያደረጋቸው አጠራሩ ነው። ከስድቡም ጀርባ በደል ነበር፤ በብዙ የሰሜን አገር ክፍሎች ባለሙያው በቡዳነት ይጠረጠር፣ ከጋብቻና ከርስት ይገለል ነበር።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በእስራት የሚያስቀጣ ጥፋት አደረጉት። መከራከሪያቸውም ሁለት ነበር፤ የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ ነው፤ ሠሪው ከተናቀም አገር አይቆምም። ዐዋጁ ስሞቹን አልሻረም፤ የሻረው ያላግባብ መጠቀምን ነው።

ይሁን እንጂ ንቀቱ በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። ከጋሞ ደጋ ተነሥተው በጉለሌ፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው የሰፈሩት የዶርዜ ሸማኔዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። በዶርዜ ሽመና የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚገለሉት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ነበሩ። በአገሩ የተከበረው ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ያው ሙያው መናቂያ ሆኖ ጠበቀው። «ዶርዜ» የሚለው የአገርና የሕዝብ ስም እንኳ በከተማው አፍ የሸማኔ መጠሪያ፣ አንዳንዴም መስደቢያ ሆነ።

ንቀት ከሥራው ባሕርይ የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ በዶርዜም በአዲስ አበባም አንድ በሆነ ነበር። ሽሮ ሜዳ የተሸመነውን ጥበብ በየበዓሉ በክብር ስንለብስ፣ የሸማኔውን ስም ለስድብ ካዋልነው፣ ቃሉንም ሰውየውንም ያላግባብ ተጠቀምንባቸው ማለት ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ያሰራቸው ስድብና በደል እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ቃሉን ከመዝገብ መፋቅ መፍትሔ አይሆንም፤ «ሸማኔ» ወደ ተገቢው አገልግሎቱ፣ ወደ ሙያ ስምነቱ ሊመለስ ይገባዋል።