የምንኖርበት ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ?



ልጅዎን ስለ በድር ዘመቻ ቢጠይቁት በሁለቱም ወገን የተሰለፈውን የሠራዊት ብዛት ሳይቀር ይነግርዎታል። ስለ ዐድዋም ቢጠይቁት እንዲሁ። ነገር ግን «የምንኖርበት ሰፈር ለምን እንዲህ ተባለ? ከእኛ በፊት እዚህ ማን ነበር? መስጊዱ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉት እነማን ናቸው?» ቢሉት ዝም ይላል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ታሪክ ማለት የሩቅ አገርና የነገሥታት ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ያስተማርነው እኛ ነን።

እኔ በመድረሳ ልጆች አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ለከፍ ያሉት ተማሪዎች አንድ ሥራ እሰጣለሁ፤ እያንዳንዱ ስለ ሰፈሩ ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ በደብተር ጽፎ እንዲያመጣ። አንዳንድ ወላጆች «ይህ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ልጆቹ ቁርኣናቸውን ይቅሩ» ይሉኛል። ቁርኣኑ መቅደሙን ማንም አይከራከርም። ይሁን እንጂ የአገርንና የሰፈርን ታሪክ መጻፍ ከውጭ የመጣብን ሥራ አይደለም። አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ (በ463 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ከ7,000 በላይ ሰዎችን የመዘገቡበትን «ታሪኽ በግዳድ»ን ሲጽፉ በቀጥታ ወደ ሰዎቹ አልገቡም። በቅድሚያ የከተማዋን ሰፈሮች፣ ቦዮች፣ ድልድዮችና መቃብሮች አንድ በአንድ አስፍረዋል። አል-መቅሪዚም የካይሮን መንገዶችና ገበያዎች በአንድ ሰፊ ኪታብ ዘርዝረዋል። እኒሁ ሰው በ839 ዓመተ ሂጅራ መካ ሳሉ ከሐበሻ ምድር የመጡ ሙስሊሞችን እየጠየቁ ስለ አገራችን ሙስሊም ነገሥታት አነስ ያለች ኪታብ ጽፈዋል። ወደ ሐበሻ ሳይመጡ፣ መንገደኛ አስቀምጠው በመጠየቅ ነው የጻፉት። እኛ ደግሞ የምንጠይቃቸው አዛውንት ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን።

ለተማሪዎቼ የማስተምራቸው የመጀመሪያው ነገር አዲስ አይደለም፤ ከሐዲስ ትምህርት የሚያውቁት ነው። ወሬውን ብቻ አትጻፉ፣ ከማን እንደሰማችሁ ጻፉ፤ እሱስ ከማን ሰማ? በዐይኑ አየ ወይስ ተነገረው? በዚያን ጊዜ ስንት ዓመቱ ነበር? በአማርኛ «ሰነድ» የምንለው ወረቀትና የሐዲስ ሊቃውንት «ሰነድ» የሚሉት የተራኪዎች ሰንሰለት አንድ ቃል መሆኑን ስነግራቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ። ማስረጃ ማለት የምንደገፍበት ነገር ነውና። ስለዚህ በደብተራቸው «ሰዎች እንደሚሉት» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የትኞቹ ሰዎች?

አሁን አንድ ምሳሌ ላምጣ። በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተማሪዎቼ ስሙን ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ መልሱ ብዙ ዓይነት ሆነ። አንዱ የዛፍ ስም ነው አለ፤ ሌላው የወንዝ፤ ሦስተኛው ትርጉም የለውም ብሎ ተገላገለ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሸጎሌ የሰው ስም ነው፤ «ሼህ ሆጀሌ» የሚለው በሰው አፍ እየተላሰ፣ እየተላሰ ሸጎሌ ሆነ። ቀስ ብላችሁ «ሼህ ሆጀሌ፣ ሼሆጀሌ» እያላችሁ ስትደጋግሙት ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ። በ1890 የራስ መኮንን ጦር ቤኒ ሻንጉልን ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያስገብር ከሌሎች የአካባቢው ሹማምንት ጋር ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በኋላ ተፈትተው በወርቅ ግብር የአገራቸው ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ በአዲስ አበባም መኖሪያ ነበራቸው። እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመንም ኖረዋል። እንግዲህ በዋና ከተማችን የአንድ ሙስሊም ባላባት ስም ከመቶ ዓመት በላይ በየቀኑ ይጠራል፤ የታክሲ ረዳቱም ይጠራዋል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ይል ነበር። ተማሪዎቹም እዚህ ላይ ማቆም ፈልገው ነበር። አንዲት ልጅ ግን ንባቧን ቀጠለችና ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ለማዕከላዊው መንግሥት ከሚገባው ግብር ውስጥ ወርቅ ብቻ ሳይሆን ባሪያም ነበረበት። ከባለቤቶቻቸው አንዷ የነበሩት ሲት አምና በሱዳን ድንበር አካባቢ ባሪያ በማስፈንገልና በመሸጥ ስማቸው የታወቀ ነበር። ይህንንም በእንግሊዞች እጅ በነበረው በሱዳን መንግሥት የተጻፉ ሰነዶች ይናገራሉ። ልጅቱ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዑስታዝ፣ ይህንንም ልጻፈው?»

ጻፊው አልኋት። በማግስቱ የአንዱ ተማሪ አባት ተቆጥተው መጡ። «የሙስሊምን ስም ሌላው ሲያጎድፈው አይበቃም? እናንተ ደግሞ በልጆች እጅ ታጎድፉታላችሁ?» አሉኝ። ቁጣቸው አይገርምም። ታሪካችን ሳይጻፍ የቆየብን፣ ሲጻፍም ብዙ ጊዜ በጠላትነት የተጻፈብን ሕዝብ ነን። ከዚህ የተነሣ መልካሙን ብቻ የመሰብሰብ ፍላጎት አለብን።

እኔ ያልኋቸው ይህንን ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ተራኪዎችን ሲመረምሩ «እገሌ ጻድቅ ነው፣ ሌሊቱን ሲሰግድ ያድራል፣ ትውስታው ግን ደካማ ነውና ሐዲሱ አይያዝም» ብለው ይጽፉ ነበር። ጻድቅነቱን አልካዱም፤ ድካሙንም አልሸሸጉም። ጀርሕ ወተዕዲል የሚባለው ዒልም ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። እነሱ የገዛ ወገናቸውን እንዲህ ከመረመሩ እኛ ስለ አንድ ባላባት እውነቱን ለመጻፍ ለምን እንፈራለን? ሁለተኛም ነገር አለ። ባሪያ ማሳደር በዚያ ዘመን የአንድ ሃይማኖት ሥራ አልነበረም፤ የክርስቲያን መኳንንትም ቤታቸው በባሪያ የተሞላ ነበር። ግብሩን የሚቀበለው ማን ነበርና? ባርነት በዐዋጅ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ገና በ1934 ነው። ይህን የምለው «ሌላውም አድርጓልና እንለፈው» ለማለት አይደለም፤ ደብተሩ ሁሉንም እንዲይዝ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። በሼሁ ግቢ ወርቅ የቆጠሩት ብቻ አይደሉም የኖሩት፤ ውሃ የቀዱት፣ እህል የፈጩት፣ ግድግዳውን ያቆሙትም ኖረዋል። የሰፈሩ ታሪክ የእነሱም ታሪክ ነው። የሼሁን ስም ለማስዋብ ብለን የእነሱን ብናጠፋ ሁለተኛ ጊዜ ግፍ ሠራንባቸው ማለት ነው።

አባትየው ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አይመስለኝም። ልጃቸውን ግን ከሥራው አላስወጡትም።

ይሁንና ወሰን አለው። በመንግሥት መዝገብና በመጽሐፍ የተጻፈ የሹም ሥራ አንድ ነገር ነው፤ የጎረቤት ገመና ሌላ ነው። ልጆቹ ማንንም ሰው «የእናንተ ወገን ባሪያ ነበር ወይ?» ብለው እንዳይጠይቁ አጥብቄ ከልክያለሁ። የተፋታውን፣ የከሰረውን፣ የታሰረውን እየለቀሙ መጻፍም የለም። ባለቤቱ ራሱ ካወራና ጻፉልኝ ካለ ያን ጊዜ ይጻፋል።

ወደ ማጣራቱ ልመለስ። የቃልን ወሬ በወረቀት መመዘን እንዴት እንደሚጠቅም ለማሳየት ካዛንቺስን እጠቅሳለሁ። ስለዚህ ስም የሚወራው ተረት ብዙ ነው። በእርግጥ ግን ቃሉ የጣሊያን ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት ነው። «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን መሥሪያ ቤት የስሙ ምሕጻር ነው። መርካቶም እንዲሁ «ገበያ» ከሚለው የጣሊያን ቃል የመጣ ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ሲከፍሉ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። ብዙ ሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች ወላጆቻቸው «ከአራዳ ተነሥተው» መርካቶ እንደገቡ ሲያወሩ እንሰማለን። ይህ ወሬ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል። አያቴ በምኒልክ ዘመን መርካቶ ሱቅ ነበራቸው የሚል ቢመጣ ግን ተማሪው ቆም ማለት አለበት፤ ሱቁ አራዳ ይሆናል፣ ወይም ዘመኑ ሌላ ይሆናል። ሰውዬው ዋሹ ማለት አይደለም፤ ሰው የትናንቱን ቦታ በዛሬው ስም ይጠራልና።

ዘመን መቁጠርም ልጆቹን ብዙ ያደናግራል። አዛውንት በቁጥር አይናገሩም፤ «ጣሊያን የገባ ዓመት»፣ «ንጉሡ የወረዱ ጊዜ»፣ «ትርፍ ቤት የተወረሰ ክረምት» ይላሉ። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ከቁጥር ይልቅ አይረሳምና። ተማሪው ወረቀት ላይ ሦስቱን ይተረጉማል፤ 1928፣ 1966/67፣ ሐምሌ 1967። ከዚያ ደግሞ የፈረንጁንና የሂጅራውን ከጎኑ ያስቀምጣል። ከሦስቱ አቆጣጠር የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት ዓመት ለማንም አይጠቅምም።

ወረቀት ስል ቤተ መጻሕፍት ብቻ አይምሰላችሁ። እርግጥ ወመዘክር አለ፤ ከ1933 ጀምሮ የወጣው አዲስ ዘመን ጋዜጣም አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም አለ። ነገር ግን ከሁሉ የሚቀርበው በእናንተው ቤት፣ በሣጥን ግርጌ ያለው ነው። የድሮ የቤትና የቦታ ወረቀት አዋሳኞችን ይዘረዝራል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ እያለ። ከአንድ እንዲህ ያለ ወረቀት የአንድ ጉርብትና ሙሉ ሥዕል ይወጣል። የኒካህ ወረቀት የወልዩንና የምስክሮችን ስም ይይዛል። በቃዲ የተፈረመ የውርስ ክፍፍል ደግሞ ምን ንብረት እንደነበር ይናገራል። የድሮ ኪታቦችንም ኅዳግ ተመልከቱ። ኪታቡን ማን እንደገዛው፣ ለየትኛው መስጊድ ወቅፍ እንደተደረገ፣ አንዳንዴም ማን መቼ እንደሞተ ተጽፎበታል። እኛ ደረሳ ሳለን መትኑን እንቀራለን እንጂ ኅዳጉን የሚያይ አልነበረም። አሁን ተማሪዎቼ ከኅዳጉ ይጀምራሉ፤ ሼኻቸው ይቆጡ ይሆናል እንጂ ለታሪክ መልካም ነው።

ስለ አጠያየቅ ጥቂት ልበል። ሁለት ልጆች እስክሪብቶና ደብተር ይዘው በር ሲያንኳኩ የሚሰሙት የመጀመሪያ ጥያቄ «ከወረዳ ነው የመጣችሁት?» የሚል ነው። የሚፈራው ቤቱ ሊፈርስ ነው ብሎ ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ስለዚህ ልጆቹ ብቻቸውን አይሂዱ፤ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ያስገባቸው። ሰላምታ ሰጥተው ይቀመጡ፤ ደብተሩ ቡናው እስኪፈላ አይከፈት። አዛውንት ሲሳሳቱም አይታረሙም፤ ያሉት እንዳሉት ይጻፍና ሌላ ሰው የተለየ ሲናገር ከጎኑ ይሰፍራል። ስልክ መቅረጫ አለው፤ ግን ፈቃድ ሳይጠየቅ አይከፈትም።

ይህን ሥራ ለምን ለዘንድሮ አልኩ? በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ተቃጥሏል። ስለ ከተማው ዕድሳት ጠቃሚነት እዚህ አልከራከርም። የማውቀው ግን ሰፈር ሲፈርስ ቤቱ ብቻ እንደማይፈርስ ነው። አንድ ላይ የኖሩ ሰዎች በከተማው ዳርቻ በየአቅጣጫው ይበተናሉ። እንግዲህ «በዚህ በኩል የማን ሱቅ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ አምስት ታክሲ መያዝ ሊያስፈልግ ነው። ሁለት አዛውንትን አንድ ላይ አስቀምጦ እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ ማድረግማ ጨርሶ አይቻልም። በመቃብር ድንጋይ ላይ ያለ ጽሑፍም ሲነሣ አብሮ ይሄዳል።

ልጅዎን ለማስጀመር ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። ዛሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ አያቱ ይላኩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአያቱን ሙሉ ስም፣ የተወለዱበትን ቦታ፣ ሰፈሩ የገቡበትን ዘመንና የዛሬውን ቀን ይጻፍ። ከዚያ «ስለ ድሮ ንገሩኝ» ብሎ እንዳይጠይቅ፤ ይህ ጥያቄ «ድሮማ ጥሩ ነበር» ከሚል መልስ በቀር አያመጣም። «ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር?» ይበላቸው። በተማሪዎቼ ደብተሮች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ገጽ የሞላው ይህ ጥያቄ ነው። ቦኖው የት እንደነበር ሲናገሩ ወረፋው ይመጣል፤ ከወረፋው ጋር ማን ከማን ፊት እንደቆመ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ለማን እንደታጨች ይመጣል። በተለይ እናቶች ከዚያ በኋላ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም፤ ልጁ እጁ እስኪዝል መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።