ሳያስመሰክሩ ማሰማት

ባለፈው ሰኞ ጧት በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስት አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። አንደኛው በሚቀጥለው ወር ስለ ወሬ ማጣራት የሁለት ቀን ዐውደ ጥናት እንደሚደረግ ያስታውቃል። ሁለተኛው «ለዐውደ ርእይ የሚሆን ፎቶግራፍ ያላችሁ አምጡ» ይላል። ሦስተኛው ለተማሪዎች የሬዲዮ ዝግጅት ድምፃቸውን የሚያስፈትኑ ሰዎችን ይጠራል። ታዲያ ከመጀመሪያው ወረቀት ግርጌ አንድ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው በእስክሪፕቶ «ወሬ ማጣራት የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ ለእኛ አገር ምን ያረጋል?» ብሎ ጽፎበታል።

መጀመሪያ ሳቅን። ሻይ ቤት ገብተን ስንቀመጥ ግን ሳቁ ወደ ክርክር ተለወጠ። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ግማሾቻችን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ነን። ሰሌዳው ላይ መልስ ከመሞነጫጨር ይልቅ በዚህች መጽሔታችን ላይ በሰፊው ብንመልስለት ይሻላል ብለን ተስማማን። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ወንድም ሆነ እኅት፣ እንዳይቀየመን።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በአገራችን ጋዜጣ የሚባለው ነገር ሲጀመር ማተሚያ ቤት እንኳ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ አንድሬአስ ካቫድያስ የተባለ ግሪካዊ በአዲስ አበባ «አእምሮ»ን ማውጣት ሲጀምር ቅጂው 24 ብቻ ነበር፤ ያውም በእጅ የተጻፈ። ኋላ ማባዣ መኪና ሲገኝ ወደ 200 ደረሰ። እንግዲህ በስቴንስል የምትባዛውን ይህችን መጽሔት አይቶ የሚስቅ ቢኖር፣ የጋዜጦቻችን ታላቅ እኅት ስትወለድ ከዚህች አትሻልም ነበር እንለዋለን። «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም. ሲወጣም ቢሆን አንባቢው በአብዛኛው መኳንንቱ፣ የጽሕፈት ሰዎችና ጥቂት የአዲስ አበባ ተማሪዎች ነበሩ።

ንፋስ መውጫ ያለ ገበሬ ግን ወሬ አጥቶ አያውቅም። የመንግሥቱ ቃል በነጋሪት ይመጣለታል፤ ነጋሪቱ ሰው በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን ይጎሰማል። በታች ጋይንት ከተማው ራሱ ስሙ ዓርብ ገበያ ነው፤ ቀኑንም ቦታውንም አንድ ላይ ይነግርሃል። ከነጋሪቱ በኋላ ያልሰማ ከሰማ ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ደግሞ መንገደኛው ያመጣል። እንግዳ እግሩ ከታጠበ በኋላ «አገሩ እንዴት ነው? አዝመራው? ከብቱ? ምን ወሬ አለ?» ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ አዋጅ ነጋሪውም መንገደኛውም ፊት አላቸው። «አንተ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማን ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ዋሽቶ ቢገኝ በሚቀጥለው ገበያ ፊቱን የት ይደብቃል?

ፊት የሌለው ወሬ ወደ አገራችን የመጣው በ1922 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የታወቀ ቢሆንም በዚህ በኩል ያየው ሰው ጥቂት ነው።

የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም የቀድሞ ባል ነበሩ። በንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ላይ ተነሥተው ጦራቸውን ይዘው ወደ ምሥራቅ ዘመቱ። የመሐል ሰፋሪውን ጦር የሚመሩት የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። ሁለቱ ጦሮች መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ሜዳ፣ ከጋይንት በስተምሥራቅ ከጨጨሆ ባሻገር በዘቢጥ ግድም ተገናኙ። አውሮፕላን አዲስ አበባ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ የመጀመሪያው የደረሰው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነበር። ይኸው አዲስ ነገር በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ሲያንዣብብ አስቀድሞ የጣለው ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነው። የንጉሡ አዋጅና የጳጳሳቱ ውግዘት የታተመበት ወረቀት። ቦምቡ ኋላ መጣ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ።

ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለውን ለሌላ ጊዜ እንተወው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከሰማይ የወረደውን ወረቀት ያነሣው ወታደር ምን አደረገ? ከዚያ ዘመን ወታደር መካከል ፊደል የለየው ጥቂት ነው። ቄስ ወይም ደብተራ ፈልጎ «አንብብልኝ» ማለት ነበረበት። አንባቢውም ያነባል እንጂ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ሲባል የሚመልሰው የለውም፤ የላከው ሰው በላይ በኩል አልፏል። ነጋሪት ጎሳሚውን ጨርቁን ይዞ ማስቆም ይቻላል፤ አውሮፕላንን ማን ይይዘዋል? በዚያች ቀን የወደቀው አንድ ራስ ብቻ አልነበረም። ሰሚው ነጋሪውን የመጠየቅ መብቱም አብሮ ወደቀ እንላለን።

እንግዲህ «ወሬ ማጣራት የፈረንጅ ነው» ወዳለው ወዳጃችን እንመለስ። ጨጨሆን ወደ ኋላ ትተን ወደ ጋይንት እንግባና ቤተልሔምን እንይ። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከሸዋም ይምጣ ከጎጃም፣ ድጓን በየደብሩ ለዓመታት የተማረ ሰው «ዐውቄአለሁ» ብሎ ወንበር አይዘረጋም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቤተልሔም ይወርዳል። በመምህሩ ፊት ያሰማል፤ የሳተው ይቃናል፣ የጎደለው ይሞላል። ሲፈጽም «አስመሰከረ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ነው ለሌላው የሚያሰማው።

ቃሉን አስተውሉት። ማስመስከር የወጣው ከምስክር ነው። በአባቶቻችን ትምህርት ቤት ዕውቀት የሚጸናው በድምፅ ማማር አይደለም፤ የሚመሰክርለት ሲገኝ ነው። ሰሚ ከመሆን ወደ አሰሚነት የሚያሻግረው ድልድይ እሱ ነው። ይኸን የዐውደ ጥናቱ ወረቀት «ማጣራት» ይለዋል፤ የጋይንት ደብተራ «ማስመስከር» ይለዋል። የቱ የፈረንጅ ነው?

ስለ ሁለተኛውም ወረቀት፣ ስለ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእዩ፣ የምንለው አለን። በ1965 ዓ.ም. ወሎ፣ ማለት ከጨጨሆ ወዲያ ያለው ጎረቤታችን፣ በረኀብ ሲያልቅ ጋዜጣውም ሬዲዮውም ዝም ብለው ነበር። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው፣ በዓይናቸው አይተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱና በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡት። ተማሪው አየ፤ ተቆጣ፤ ሰልፍ ወጣ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው ከዚያ ወራት ቆይቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ከሁሉ በፊት ምስክር የሆነው እንደ እኛው ያለ ግቢ፣ እንደዚሁ ያለ ዐውደ ርእይ ነበር ማለት ነው።

የዚያው ፊልም መጨረሻ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር እያቀላቀለ በቴሌቪዥን አሳየው። የረኀቡ ሥዕል እውነት ነበር፤ የግብሩም ሥዕል እውነት ነበር። የቆራጩና የቀጣዩ እጅ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ሲመለስ፣ በሰው ረኀብ ዝምታን የከሰሰው መንግሥት ራሱ ዝም ማለት ዐምሮት ነበር። እና ፎቶግራፍ ይዛችሁ የምትመጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሥዕሉ ሥር የት፣ መቼ፣ ማን እንዳነሣው ጻፉ። ስም የሌለው ሥዕል ለማንም ጌታ ያድራል።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን እንናገር፤ የሌላውን ብቻ ስንናገር ብንውል ደግ አይደለም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገባ። እኛ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ከቤተሰቦቻችን ተለይተን ባሕር ዳር ዘመድ ቤት ተጠግተናል። ስልክ እንደውላለን፣ አይነሣም። ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ነገር ቢኖር የእጅ ስልካችንን ማየት ነው። አንድ ማታ ስም የሌለው መልእክት መጣ፤ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ማለቃቸውን ይናገራል፤ ስም ዝርዝርም አለው። ከስሞቹ አንዱ የጓደኛችን አባት ነበር። ማን ጻፈው? አልጠየቅንም። ከየት መጣ? አልጠየቅንም። እያለቀስን ለምናውቀው ሁሉ አስተላለፍነው።

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር አንባቢ ያውቃል። ወሬው መጀመሪያ ይጣራል፤ ማን አየ፣ ማን ቀበረ ተብሎ ይጠየቃል። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል። በሌሊት ተሂዶ፣ ደጋፊው በሁለቱም ወገን ቆሞ፣ ያኔ ነው ቃሉ የሚወጣው። የሞተ ሰው ወሬ እንኳ ሥርዓት አለው። እኛ ግን ያንን ሁሉ በአንድ አውራ ጣት ሻርነው። ጓደኛችን መርዶውን ለብቻው፣ ምሽት ላይ፣ ከስልክ አነበበ። እናቱ ከል ለበሰች፤ ድንኳን ተጣለ፤ ለቅሶ ተቀመጥን። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባትየው በእግራቸው ተጉዘው፣ እግራቸው ቆስሎ፣ በሕይወት መጡ። ደስታ ነበር፤ መቼም ያንን ደስታ የሚያህል የለም። ነገር ግን እማማ እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ይደነግጣሉ። ይህ የእኛ እጅ ሥራ ነው። ወረቀቱን የጣለው አውሮፕላን እኛው ነበርን።

በዚያው ሰሞን በንፋስ መውጫ የደረሰው እውነተኛ መከራ ግን ከየትኛውም ፈጠራ የከፋ ነበር። ይኸን ዓለም የሰማው እኛ ስለ ጮኽን አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ባሉት ቀናት ከተማዋን ይዘው በነበሩት የትግራይ ኃይሎች ታጣቂዎች የተደፈሩ 16 ሴቶች የደረሰባቸውን ተናግረዋል። አሥራ አራቱ የተደፈሩት ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች ነበር። የከተማዋም ሆስፒታል ተዘርፎ ስለ ነበር ለሕክምና የሚሄዱበት ቅርብ ደጅ አጥተው ነበር። ዘገባው እስኪወጣ ወደ ሦስት ወር ግድም ፈጀ፤ እያንዳንዷ ቃሏን ሰጠች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ተጠበቀ።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጣቸው። የእኛ ወሬ በአንድ ሌሊት ብዙ ሺሕ ሰው ጋ ደረሰ፤ ሲነጋ ሐሰት ሆነ። ይባስ ብሎ «የዚያ አካባቢ ወሬ እንዲህ ነው፤ ያጋንናሉ» ለሚሉ ሰዎች መሣሪያ ሰጠ። የሴቶቹ ቃል ግን ዘግይቶ መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። እነሱ አስመስክረዋል፤ እኛ ሳናስመሰክር አሰማን። በየዋህነት ያስተላለፍነው ሐሰት የተጎዳው ሰው ሲናገር እንዳይታመን መንገድ ይዘጋበታል። የሐሰት ወሬ ዋናው ተበዳይ የሚሰማው ሰው ብቻ አይደለም፤ ነገ እውነት ይዞ የሚመጣው ነው።

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ለጻፍከው ወይም ለጻፍሽው መልሳችን ይኸ ነው፦ ዐውደ ጥናቱ ያስፈልገናል፤ በተለይ ለእኛ ለዚህ አገር ልጆች። ለትምህርት ክፍሉም ሦስት ልመና አለን። አንደኛ፣ በዐውደ ጥናቱ ከኮምፒዩተሩ ጎን አንድ የድጓ መምህርና አንድ መርዶ ነግረው የሚያውቁ ሽማግሌ ተጋብዘው ይናገሩልን። ሁለተኛ፣ የተጎዳ ሰው ቃል እንዴት እንደሚቀበሉና ተናጋሪው እንዴት እንደሚጠበቅ ራሱን የቻለ ጊዜ ይመደብለት፤ ከምስክሩ ነፍስ የሚበልጥ ወሬ የለም። ሦስተኛ፣ ለሬዲዮ የሚፈተነው የድምፅ ማማር ብቻ አይሁን፤ «ከማን ሰማህ?» ሲባል መልስ ያለው ይለፍ።

ሌላውን ስንመክር ራሳችንን እንዳንረሳ፣ ይህችን መጽሔት የምናዘጋጅ ልጆች ትናንት ማታ አንድ ነገር ወሰንን። ከሚቀጥለው ቁጥር ጀምሮ በዚህች መጽሔት ላይ «አየሁ»፣ «ሰማሁ» እና «ይባላል» የሚሉት ሦስት ቃላት አይቀላቀሉም። ያየ «አየሁ» ይበል፤ የሰማ ከማን እንደ ሰማ ይናገር፤ «ይባላል» የሚል ጽሑፍ ስቴንስል ላይ አይወጣም። በመጨረሻው ገጽም «የሳትነው» የሚል ዐምድ ይኖራል። የመጀመሪያውን ዐምድ ያ ጓደኛችን ይጽፈዋል፤ ስለ አባቱ፣ ስለ እኛም። አንብቡት፤ ከዚያም ያልሰማውን አሰሙ።