ስለ ኬላና ስለ ኮታ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአገር ሀብት እንዲያድግ የትኛው ሕግ ይሻር ተብሎ ሲጠየቅ፥ አንዳንዱ ሁሉም ይሻር፥ አንዳንዱም አንድም አይነካ ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ይፈርዳሉ። በአገራችን የሆነውን አንድ ነገር ብንመለከት ይሻላል።

ኬላ ጥንታዊ ነገር ነው። በዘመነ መሳፍንት ሲራራ ነጋዴ በየበሩ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ኬላው እህል ማገጃ ሆነ። የደርግ መንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቁሞ፥ የገበሬ ማኅበራት በቁርጥ ዋጋ የሚያስረክቡትን ኮታ ደለደለ። ነጋዴውም ከገዛው እህል ለድርጅቱ እንዲያካፍል ተገደደ፤ ትርፍ በሚመረትባቸው እንደ ጎጃምና አርሲ ባሉ ክፍላተ ሀገርማ እህል እንዳያወጣ እስከ መከልከል ተደረሰ። በ1968 ዓ.ም. በወጣ ዐዋጅም የግል ነጋዴ ካፒታል በችርቻሮ ከ200,000፥ በጅምላ ከ300,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር።

ሐሳቡ ሁሉ ክፉ ነበር ማለት አይገባም፤ ለከተማው ድኻ በቀበሌ ሱቅ እህል በርካሽ ለማቅረብ፥ ለሠራዊቱም ስንቅ ለማዘጋጀት ነበር። ነገር ግን የዚያን ርካሽ እንጀራ ዋጋ የከፈለው ገበሬው ነው። ምርት ያነሰበት ገበሬ እንኳ ኮታው አይቀርለትም፤ ስለዚህ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረከበ ነበረ። ከብት ሸጦ እህል ገዝቶ፥ እህሉን በኪሳራ መስጠት ምን ዓይነት ንግድ ነው? እንዲህ የተያዘ ሰውስ ትርፍ ለማምረት ለምን ይደክማል? በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ ዋነኞቹ ምክንያቶች ድርቁና ጦርነቱ ቢሆኑም፥ ከደኅናው አገር ወደ ተራበው እህል የሚያሻግረው ነጋዴ በኬላ መታገዱ መከራውን አከበደው።

ሚዛን እንዳይጭበረበር፥ ቅቤ ከባዕድ ነገር እንዳይደባለቅ የሚከለክለው ደንብ ከዚህ አይቈጠርም፤ እርሱ ሻጭና ገዢን ያስተማምናል። እኔ አስቀድሞ ይሻር የምለው፥ እህል ያለውን ከሌለው እንዳይገናኝ በመካከል የሚቆመውን ነው።

በ1982 ዓ.ም. ደርግ ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ዐውጆ ኮታውን፥ ቁርጥ ዋጋውንና የእህል ኬላውን አነሣ። ጦርነቱ ገና አልቆመም፤ መንገዱም ያው መንገድ ነበር። ቢሆንም ነጋዴው እህሉን ከረከሰበት ወደ ተወደደበት መጫን ጀመረ፤ በገበያና በገበያ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት እየጠበበ ሄደ። የቀበሌ እህል የለመደው የከተማ ሰው ግን ቅናሹ ቀረበት፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። ድርጅቱም ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የእህል ንግድ ድርጅት ተብሎ፥ ከሌላው ነጋዴ ጋር በገበያ ዋጋ እየተወዳደረ እንዲገዛና እንዲሸጥ ተደረገ።