ከበላ ልበልሃ እስከ ሰበር ችሎት

ሙግት በተነሣ ጊዜ መንገደኛውም ገበያተኛውም ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዳኛው ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አደግድገው፣ ዘንጋቸውን ጨብጠው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ቃላቸው ቤት ይመታል፤ እጃቸውና ዘንጋቸው አብረው ይሟገታሉ። ይህ በላ ልበልሃ ነው።

ብዙ ሰው ሥርዓቱን የሚያስታውሰው በአንደበት ውበቱ ነው። የሕግ ተማሪ ግን ይበልጥ ሊያጤነው የሚገባው ውርርዱን ነው። ሁለት ሰዎች በርስት ተካሰሱ እንበል። ከሳሽ፣ «መሬቱ የአያቴ ነው፤ እኔም የልጅ ልጁ ነኝ» ይላል። ተከሳሽ ትውልዱን አይክድም። «አያትህ በሕይወት ሳለ ድርሻውን ለአባቴ ሰጥቷል፤ ይህን በምስክር ባላስረዳ በቅሎ!» ብሎ ይወራረዳል። ከሳሽ ውርርዱን ከተቀበለ የዘር ቆጠራው ይቀርና ምስክር የሚሰማው በስጦታው ላይ ብቻ ይሆናል። የተረታው የተወራረደበትን ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ለዳኛው ይከፍላል።

ሥርዓቱ ነውርም ነበረበት። ፈረስ የሚያስይዝ ባለጸጋ ማር እንኳ የሌለውን ድሃ ገና ከመነሻው ሊያሸማቅቀው ይችላል። ቢሆንም ከክርክሩ ክምር ውስጥ ነገሩን የሚቆርጠውን አንድ ጥያቄ ነጥሎ ማውጣት እዚያ ዛፍ ሥር ይሠራበት ነበር።

በነገሥታቱ ችሎት ሐሳብ የሚሰጠው ከታች ወደ ላይ ነበር። በማዕረግ ያነሰው አስቀድሞ ይናገራል፤ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል። ታናሹ የታላቁን ፊት አይቶ ሳይሆን በራሱ ምክንያት እንዲናገር የሚረዳ ብልህ ሥርዓት ነው።

በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ 3367 ቁጥሮች ያሉት የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች የቀድሞው ልማድ ተሻረ። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ተከራካሪዎቹ የተለያዩበትን ነጥብ ለይቶ ጭብጥ መያዝን የፍርድ ቤቱ ሥራ አደረገው። በቅሎው ቀረ፤ የመነጠሉ ሥራ ግን ከተሟጋቹ ወደ ዳኛው ተሻገረ።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ተማሪው ፍርድ ማንበብ ግድ ሆኖበታል። በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የተወሰነውን እንውሰድ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ታሳድጋለች፤ ትቶት የኖረው አባት መጥቶ ልጄን ይላል። የሥር ፍርድ ቤቶች ጭብጡን «ሞግዚት የመሆን መብት የማን ነው?» ብለው ያዙና ለአባት ፈረዱ። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ለልጁ የሚበጀው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ፤ የሥር ፍርዱንም ሻረ።