ከኮታ እስከ ዩኒየን፦ የእህል አምራቹ የትርፍና የስጋት ታሪክ

ከጉና ተራራ የሚነሳው የጉማራ ወንዝ በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል አልፎ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ ደጋው ገብስና ድንች፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ፣ ሜዳው ደግሞ ሩዝ ያመርታል። ሰብሉ ቢለያይም የአርሶ አደሩ ጥያቄ አንድ ነው። ምን ልዝራ? ስንት ላውጣ? መቼስ ልሽጥ? የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለምን እንዳስፈለጉ ለመረዳት፣ ባለፉት ዓመታት የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ማን ይወስን እንደነበር መመልከት ይጠቅማል።

የኮታ ዘመን

በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በደርግ ዘመን የእህል ዋነኛ ገዥ ነበር። አርሶ አደሩ የተመደበበትን ኮታ በገበሬ ማኅበሩ በኩል፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ነበር። ዋጋው ከገበያው ያነሰ በመሆኑ፣ ምርት የጎደለበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ ነበር። በየመንገዱ የተተከሉት ኬላዎችም እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ ያግዱ ነበር። በዚያ ዘመን ዋጋ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ሆኖም አስቀድሞ የታወቀው ኪሳራው ነው።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ኮታው ቀረ፤ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ብዙዎቹ ወዲያው ፈረሱ። ይሁንና «ማኅበር» የሚለው ቃል ከግዴታ ጋር ተያይዞ ስለቀረ፣ በኋላ የመጡት ማኅበራት ሥራቸውን የጀመሩት ይህን ጥርጣሬ ተሸክመው ነው።

የማዳበሪያ ዕዳና የጥር ገበያ

ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በብድር ለአርሶ አደሩ ማቅረብ ጀመረ። ለብድሩ የክልል መንግሥታት ዋስ ሆኑ። በ1989 ዓ.ም. የማዳበሪያ ድጎማ ተነሳ። ምርት ጨመረ፤ ወጪውም አብሮ ጨመረ።

ችግሩ የብድሩ መመለሻ ጊዜ ላይ ነበር። ዕዳው የሚጠየቀው አውድማው ሳይጸዳ በመሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን እህሉን ጭኖ ገበያ ይወጣል። በታኅሣሥና በጥር እህል ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ይወደዳል። በጥር የሸጠው ገበሬ አንዳንዴ በሐምሌ ያንኑ እህል ለቀለብ ይገዛል። ጎተራው ውስጥ እህል ማቆየትም ከነቀዝ ስጋት ነፃ አልነበረም። ብድር የከበደው ደግሞ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄድ ነበር።

የ1994 ዓ.ም. ትምህርት

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በሀገሪቱ ጥሩ ምርት ተገኘ። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. አጋማሽ በትርፍ አምራች አካባቢዎች የበቆሎ ዋጋ እጅግ ወደቀ። ማሳጨጃውን ስለማይመልስላቸው በቆሏቸውን ማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ገበሬ ለማዳበሪያ፣ ለዘርና ለጉልበት 1,200 ብር አውጥቶ 20 ኩንታል ቢያገኝ፣ እያንዳንዱ ኩንታል 60 ብር ፈጅቷል ማለት ነው። ኩንታሉን በ90 ብር ቢሸጥ 600 ብር ያተርፋል። በ30 ብር ቢሸጥ ግን ያንኑ 600 ብር ይከስራል። ምርቱ አልቀነሰም፤ የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

የከሰረው ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ መግዛት ፈራ። በዚያው ላይ የ1994 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ተዛባ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈለገ። በደቡብ ጎንደርም ቢሆን ትርፍ አምራቹ ሜዳና በዝናብ እጥረት የሚጠቁት ስማዳ፣ ጋይንትና እብናት የሚገኙት በአንድ ዞን ውስጥ ነው። ከዚህ በመነሳት ብዙ ማምረት ብቻውን ለትርፍ ዋስትና እንደማይሆን፣ እህልን ማቆየትና ማዘዋወርም የልማቱ አካል መሆኑን መገንዘብ ይቻላል።

የማኅበራት ዳግም መነሳት

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት በአባላት ፈቃደኝነት፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ በሚል መርህ እንዲቋቋሙ መሠረት ጣለ። መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው ዩኒየን መሠረቱ። ዩኒየኖችም ማዳበሪያ በጅምላ ማቅረብ፣ በምርት ሰሞን እህል ገዝቶ በመጋዘን ማቆየትና ከትርፉ ለአባላት ማከፋፈል ሥራቸው አደረጉ።

ሆኖም ስጋቱ አልጠፋም፤ ከገበሬው ጎተራ ወደ ዩኒየኑ መጋዘን ተዛወረ እንጂ። ዩኒየኑ በውድ ገዝቶ ዋጋው ቢወርድ ኪሳራው የአባላቱ ነው። የመግዣ ገንዘብ ዘግይቶ ሲደርስም አባሉ ለነጋዴ ይሸጣል። ይህን ለማቃለል ልዩ ልዩ መንገዶች ተሞክረዋል። በ1996 ዓ.ም. የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ተደነገገ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በቡናና በሰሊጥ ሲሳካለት በእህል ግን እምብዛም አልገፋበትም። አንዳንድ ዩኒየኖች ከዓለም ምግብ ፕሮግራም ጋር ምርቱ ሳይሰበሰብ የሽያጭ ውል በመፈራረም የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ ገዥው አስቀድሞ ስለታወቀ።

በፎገራ ደግሞ ገበሬው ራሱ መልስ አግኝቷል። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ያስተዋወቁት ሩዝ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ገቢ የሚያስገኝ ማሳ አደረገው። ብዙ አርሶ አደሮች በበጋ ሽንኩርት ስለሚያክሉበት ተስፋቸው በአንድ ሰብል ዋጋ ላይ ብቻ አልተንጠለጠለም።

ለቀጣዩ ጉዞ

በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲያሻቅብ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ እጥረት ሲያጋጥም፣ የ1994ቱ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል። ያኔ የወደቀው የእህሉ ዋጋ ነበር፤ አሁን የናረው ወጪው ነው። ሁለቱም የሚያርፉት በአንድ ማሳ ላይ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንደሚባለው፣ ሒሳብ ሳይሠሩ መዝራትም ሆነ መሸጥ ዋጋ ያስከፍላል። አባሉ የአንድ ኩንታሉን ወጪ ቢጽፍ፣ የቤተሰቡን ጉልበት ቢቆጥር፣ ለዕዳው የሚበቃውን ሸጦ ቀሪውን በደህና መጋዘን ቢያቆይ ይጠቀማል። ከማኅበሩ የሚጠበቀው የመግዣ ገንዘቡን ከምርት ሰሞን በፊት ማዘጋጀትና ሒሳቡን ለጉባኤው በግልጽ ማቅረብ ነው። አስተዳደሩም የብድር መመለሻውን ጊዜ ከገበያው ጋር ቢያጣጥም የጥርን መርከስ ያለዝበዋል። ምን ልዝራ፣ መቼ ልሽጥ የሚለውን ጥያቄ አንድ ገበሬ ብቻውን ሲመልሰው ቁማር ይሆንበታል። አባላት መረጃ ይዘው በጋራ ሲመልሱት ግን ሥራ ይሆናል፤ የምሥረታ በዓሉም ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው።